ፓርላማ የገባው የመጀመሪያ ዋጋ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ትሕትና ለማሳየት አይደለም፤ ሚስቴ አስቴር ምስክሬ ናት። በራችን በኃይል ሲንኳኳ እሷ "ማነው?" ትላለች፤ እኔ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ሳይ፣ መኪና ባይኖረኝም መታወቂያዬን አወጣለሁ። ከማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ መጀመሪያ ያደረግሁትን ሁሉ አስባለሁ፤ እሱ ሲያልቅ ያላደረግሁትን ማሰብ እጀምራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መርካቶ መሐል ብርድ ልብስ ሲሸጥ መክረሙ ራሱ ይገርማል። በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት የሐሰት ሬሳ ሊያቀርብ መነሳቱማ ለእኔም እስካሁን አልገባኝም። ግን አደረግሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሱቄ ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍ አንዱ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀጭን መንገድ ላይ። ከሱቄ ፊት ለፊት የፍሳሽ ቱቦ አለ፤ ክዳን የለውም። ክዳኑ መቼ እንደጠፋ ብትጠይቁ እያንዳንዱ ነጋዴ የተለያየ ዘመን ይነግራችኋል፤ ሁሉም ግን በመሐላ ነው። በበጋ፣ ሰው እንዳይገባበት እግሩ የተሰበረ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር እንደፋበታለን። ዝናብ ሲመጣ ከላይ በኩል የሚወርደው ጎርፍ መጀመሪያ የሚወስደው ያንኑ ወንበር ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ውሃ ይሆናል፤ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ባለፈው በልግ ድንገት ከባድ ዝናብ ጣለ። የተራችን ተሸካሚ ኑረዲን፣ የእኔን የብርድ ልብስ ቦንዳ፣ ተጨምቆ የታሰረ ትልቅ ጥቅል፣ ከመኪና አውርዶ በጀርባው ይዞ እየመጣ ነበር። ኑረዲን ደረሰ፤ ቦንዳው አልደረሰም። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔ በዚያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ታች ያለውን ዕቃ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያወጣሁ ስለነበር የሆነውን አላየሁም። የማውቀው ይህችኑ ብቻ ነበር፤ ሰውየው መጣ፣ ቦንዳው ቀረ።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ ስለ መርካቶ ነጋዴዎች ትንሽ ላውራችሁ፤ ይህ ካልገባችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነገር ነገር እውነት አይደለም። ውሸትም አይደለም። መጀመሪያ ነው። እኔ ለብርድ ልብሱ እጥፍ ዋጋ እጠራለሁ። ገዢው ደረቱን ይዞ "ልትገድለኝ ነው እንዴ!" ይላል። እኔ "በልጆቼ እምልልሃለሁ፣ ከመጣበት ዋጋ በታች ነው" እላለሁ። ልጅ የለኝም። እሱም እንደሌለኝ ያውቃል፤ ከሳምንት በፊትም በእነዚሁ ልጆች ምዬለታለሁ። ተቆጥቶ ይሄዳል፣ እጠራዋለሁ፣ ይመለሳል፣ ትንሽ እንሰዳደባለን፣ መሐል ላይ ተገናኝተን በፍቅር እንለያያለን። አንድ ጊዜ ግን አንድ ሰውዬ ሳይከራከረኝ የጠራሁትን ከፍሎ ወጣ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ። አላስችል ብሎኝ እስከ አብነት ሰፈር ድረስ ተከትዬ ሮጥኩና አንሶላ መረቅሁለት። ሰውየው ሌባ መስዬው ሊጮህ ነበር።

ሌላም ሕግ አለን፤ ጎረቤትህ ዋጋ ጠርቶ ሲከራከር አፍህን ትይዛለህ። ያንኑ ብርድ ልብስ በግማሽ ዋጋ እየሸጥክ ቢሆንም እንኳ ራስህን ነቅንቀህ "እውነቱን ነው፣ ጠፍቷል እኮ ዕቃው" ትላለህ። የሰው ገበያ ማበላሸት እኛ ተራ ነውር ነው።

እንግዲህ በግንቦት ወር፣ የምክር ቤት ተወካያችን መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ ወረዳው አዳራሽ ይመጣሉ ተባለ። ስለ ቱቦው ማን ይናገር የሚል ምክር ተደረገ። ጎረቤቴ ሐጂ ከድር፣ የተራችን ሽማግሌ፣ ፊቴን አገላብጠው አዩና "አንተ ተናገር። ፊትህ ሳትናገር ራሱ የተበደለ ይመስላል" አሉኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ። ሕይወቴን ያበላሸው ደፍሬ ያደረግሁት ነገር አይደለም፤ እምቢ ማለት ፈርቼ እሺ ያልኩት ነው።

ተወካያችን የተከበሩ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ምክር ቤት ከመግባታቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናት ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። አንድ ነገር ግን አልጠየቅኩም፤ መጠየቅም ነበረብኝ። ሴትየዋ ዕቃ የሚገዙት ዋጋው ከተለጠፈበት ሱቅ ነው። ክርክር የሚባል ነገር አያውቁም።

ማይክራፎኑ እጄ ገባ። የምንፈልገው ክዳን ነበር። አንድ ክዳን። ግን ክዳን የሚፈልግ ሰው "ክዳን ስጡኝ" ብሎ አይጀምርም፤ እንደዚያ ብሎ የጀመረ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ስለዚህ እንደለመድኩት ጠራሁ።

"የተከበሩ፣ ቱቦው እኮ ሰው ወሰደ!" አልኩ።

ቀጥሎ የሚሆነውን አውቄዋለሁ ብዬ ነበር። እርሳቸው "ኧረ አያጋንኑ ወንድሜ" ይላሉ። እኔ "እሺ፣ ሰው ባይወስድ የሰው ጉልበት ወሰደ" እላለሁ። እርሳቸው "በትክክል ምን ወሰደ?" ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ "ቦንዳ" እላለሁ። መሐል ላይ እንገናኛለን፤ ክዳን ይመጣል፤ በፍቅር እንለያያለን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀስ ብለው "ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸው ማን ይባላል?" አሉኝ።

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው ሲፈራ ውሸት እንኳ አዲስ መፍጠር አይችልም፤ አጠገቡ ያገኘውን ይይዛል። "ኑረዲን" አልኩ።

ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። አዳራሹን የሞላው የእኛው ተራ ሰው ነው። ኑረዲንን የማያውቅ የለም፤ ግማሹ ጠዋት ሰላም ብሎት ነው የመጣው። አሁን አንዱ ተነስቶ "ኧረ እሱ ሰውዬ አሁን በር ላይ አልፎኝ ሄደ!" ይላል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን የሐጂ ከድርን ድምፅ ነው። "ሁላችንም ወደ አላህ ተመላሾች ነን" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከኋላ አንዱ "ምስኪን፣ ገና ልጅ ነበር" አለ። ማንም ገበያዬን አላበላሸም።

"ይህን ጉዳይ በሰኔው ስብሰባ ላይ ለምክር ቤቱ አቀርበዋለሁ። ስሙንም ጠርቼ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

ስንወጣ ሐጂ ከድር ክንዴን ያዙኝ። "ሸጥክ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እርስዎ እንዴት እንደዚያ ይላሉ? ሰውየው በሕይወት እያለ!"

"ምን አልኩ? ሁላችንም ተመላሾች ነን አልኩ። ይሄ ውሸት ነው?" ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። "ግን ምንም ሳትከራከርህ ነው የገዛችህ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ገዢ ያስፈራኛል።"

እኔን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው መፍራታቸው አስፈራኝ። ቤት ስገባ ለአስቴር ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀምጣ ሰማችኝ።

"ምክር ቤትን መዋሸት ስንት ያስፈርዳል?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ።"

"በቴሌቪዥን ነው የሚተላለፈው?"

"በቀጥታ።"

"በል እንግዲያው ወፍራም ካልሲ ላዘጋጅልህ። ማረሚያ ቤት ይበርዳል ይላሉ።"

"ብርድ ልብስስ?" አልኩ።

"ብርድ ልብስማ ሞልቶናል" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ሆኜ ሥራ ላይ አልነበርኩም። አንድ ትልቅ ሰው በምክር ቤቱ ተነስቶ "አስከሬኑ የት ተገኘ?" ሲል ይታየኛል። አጣሪ ኮሚቴ ወደ ተራችን ሲመጣ ይታየኛል። ኮሚቴው ሻንጣውን የሚይዝለት ተሸካሚ ሲፈልግ፣ ኑረዲን ሮጦ ደርሶ "እኔ ልያዝልዎ" ሲል ይታየኛል። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ ትክክለኛውን ነገርኩት። ሰውየው ተጠራጥሮ ሳይገዛ ሄደ።

በመጨረሻ፣ ሟቹን ራሱን ማነጋገር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ኑረዲን ከስልጤ አገር የመጣ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሱቄ ጥግ፣ የታጠፈ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየበላ አገኘሁት።

"ኑረዲን፣ አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ" አልኩት።

"ይዘዙኝ ጋሼ። ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ዕቃ አይደለም። ስለ አንተ ነው።"

"እኔ ምን ሆንኩ?"

"ሞተሃል።"

ዳቦውን ጆንያው ላይ አስቀመጠ። "መቼ?" አለኝ።

"በበልግ። ያ ቦንዳ የሄደ ቀን።"

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ተናደደ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እሱ ግን ወደ ቱቦው አየና "ማን ነገረዎ?" አለ።

"ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ለምክር ቤት ተወካይዋ።"

ዳቦውን መልሶ አነሳ። ከዚያ "ታዲያ ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ ቦንዳ ማን ተሸከመው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስብሰባው እስኪያልፍ አገር ቤት ሄዶ እንዲያርፍ ለመንኩት። "ሰኔ ሥራ ያለበት ነው ጋሼ፣ እንዴት ብዬ?" አለ። ይልቅ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። "እህቴ አብነት ሰፈር ናት፤ ቴሌቪዥን አላት። ስሜ ሲጠራ ብትሰማስ? እናቴ ጋ ብትደውልስ?" ብሎ ተነሳና እዚያው እናቱ ጋ ደወለ። በቋንቋቸው ነው ያወሩት፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ስልኩን ሲዘጋ "በቴሌቪዥን ሞተ ቢሉሽ አትመኚ አልኳት" አለኝ። "ምን አለች?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እያለቀሰች ነው" አለኝ።

ቢያንስ ስሙ እንዲቀየር ተስማማን። ሐጂ ከድር ለተራው ሁሉ አስታወቁ፤ ኑረዲን ከእንግዲህ ሸምሱ ነው ተባለ። ችግሩ፣ ተራችን ውስጥ እውነተኛ ሸምሱ የሚባል ሌላ ተሸካሚ ነበር። አንዱ "ሸምሱ!" ብሎ ሲጣራ ሁለቱም እየሮጡ ይመጣሉ፤ ከዚያ የሚጠራው ሰው ግራ ይገባውና "አንተ አይደለህም፣ ሟቹን ነው!" ይላል። ምስጢራችን በዚህ መልክ ተጠበቀ።

አንድ ቀን ጠዋት ቀና ስል ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከቱቦው ራስ ላይ ቆመዋል። ብቻቸውን ናቸው፤ ዝቅ ያለ ጫማ አድርገዋል። ለማምለጥ አሰብኩ፤ ግን የእኔ ሱቅ በሩ አንድ ነው፣ እሱም ወደ እርሳቸው ነው የሚከፈተው።

"ቦታውን በዓይኔ ሳላይ መናገር አልፈለግሁም" አሉኝ። ቀዩን ወንበር ራሳቸው ብድግ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ። "ጥልቅ ነው" አሉ። እኔ "አዎ" አልኩ። እውነት በመናገሬ ትንሽ ተጽናናሁ።

በዚያው ቅጽበት ከበስተኋላችን "ዞር! ዞር! ጠጋ በሉ!" የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁን አውቄዋለሁ። ኑረዲን ቦንዳ ላይ ቦንዳ ደራርቦ፣ ጎብጦ፣ መሬት መሬት እያየ ደረሰ። ሴትየዋ ጠጋ ብለው አሳለፉት፤ ከዚያ ግን "ወንድሜ፣ አንዴ ቆይ" አሉት።

"እዚህ ተራ ነው የምትሠራው? ኑረዲንን ታውቀው ነበር?"

ኑረዲን ከሸክሙ ሥር አንገቱን አዙሮ አየኝ። እኔ በዓይኔ ለመንኩት።

"አውቀዋለሁ" አለ።

"ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ትንሽ አሰበ። "ሠራተኛ ነበር" አለ። ከዚያ ራሱን ያሞገሰ መስሎት መሰለኝ፣ "ትንሽ ግን ግትር ነው" ብሎ ጨመረ።

"እንዴት እንደሆነ አይተሃል?"

ቦንዳዎቹን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አወረደ። ላቡን ጠረገና ወደ ጉድጓዱ እያየ መናገር ጀመረ።

"ውሃው እስከ ጉልበት ነበር። ቀዳዳው የት እንዳለ ያውቃል፤ ሁልጊዜ የሚያልፍበት ነው። ግን ጀርባው ላይ ቦንዳ አለ፤ ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ቀኝ እግሩ መሬት አጣ። እስከ ብብቱ ገባ። የቦንዳው ገመድ ግንባሩ ላይ ነው፣ አልወልቅ አለው። ቦንዳው ከላይ ውሃ እየጠጣ እየከበደ ይጫነዋል። ጮኸ። ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማን ይሰማል? ሁሉም ሰው ዕቃ እያነሳ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ..." አለና ወደ እኔ አየ። "ከዚያማ ሄደ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ጉድጓዱ አላዩም፤ ሲያዩ የቆዩት እሱን ነው። ከፊቱ እስከ እግሩ ቀስ ብለው አዩት። "አይዞህ" አሉት። ለምን እንዳሉት ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ተሰናበቱኝና ሄዱ።

ከዓይናችን እስኪጠፉ ጠብቄ ኑረዲንን ትከሻውን መታ አደረግሁት። "አንተ ሰውዬ! እንዲህ ዓይነት ውሸት ከየት ተማርክ? እኔ ራሴ ላለቅስ ነበር እኮ!"

ገመዱን እንደገና እያሰረ ነበር። "የቱን ውሸት ጋሼ?"

"ይሄን ሁሉ ያወራኸውን።"

"መጨረሻዋን ብቻ ነው የዋሸሁት" አለ። "ገመዱ ተበጠሰ፤ ቦንዳው ሄደ፣ እኔ ወጣሁ።"

እጄን ከትከሻው ላይ አነሳሁ። "ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልነገርከኝም?"

"ስደርስ 'ቦንዳውስ?' አሉኝ። ስለ ቦንዳው ጠየቁኝ፣ ስለ ቦንዳው ነገርኩዎ" አለ። ቂም የለበትም። ሸክሙን አነሳና "ዞር! ዞር!" እያለ ሄደ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን የተሰማኝን ግን ከዚያ በፊት አላውቀውም። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ውሸቴ እንዳይያዝ ነበር። አሁን የፈራሁት ያ ነገር ውሸት ሆኖ የቀረው ለጥቂት መሆኑን ነው። አንድ ገመድ ባይበጠስ ኖሮ አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት እውነት ነበር። እኔ ደግሞ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቦንዳው ነበር። በሱቄ ዙሪያ የተደረደረውን ብርድ ልብስ ሁሉ አየሁና ጠላሁት።

እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። በስብሰባው ቀን ጠዋት ራሴን አደፋፍሬ እስከ ምክር ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ጥበቃውን ሳይ ሳይጠይቀኝ መታወቂያዬን አወጣሁ። "ምን ልርዳዎት?" አለኝ። "ሰዓት ስንት ሆነ?" አልኩት። ነገረኝ። አመስግኜ ተመለስኩ።

ተራው ሁሉ ሱቁን በግማሽ ዘግቶ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ተሰብስቧል። ሐጂ ከድር ከፊት ተቀምጠዋል። ኑረዲን ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ጥግ ይዟል። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አየሩ ከብዶ ነበር፤ ከበስተ እንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ግን ያን ሰዓት ሰማይ የሚያይ አልነበረም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተነሱ። በቴሌቪዥን ሲታዩ ከወትሮው ያነሱ መሰሉኝ።

"የተከበሩ አፈ ጉባኤ" አሉ። "መርካቶ ውስጥ ክዳን የሌለው አንድ የፍሳሽ ቱቦ አለ። መራጮቼ ሰው ወስዷል ብለውኛል። ስሙንም ነግረውኛል፤ ኑረዲን ይባላል።" መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። "ሄጄ አይቻለሁ። ኑረዲንንም አግኝቼዋለሁ።"

ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ የሚያነሳ ጠፋ።

"በሕይወት አለ። የደረሰበትን የነገረኝ በሌላ ሰው ስም አድርጎ ነው። እኔ መምህርት ነበርኩ፤ የራሱን ታሪክ የሌላ ልጅ ታሪክ አስመስሎ የሚነግረኝ ተማሪ ብዙ ገጥሞኛል። አፉ ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። መራጮችዎ ዋሽተውዎታል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እስካሁን የሞተ የለም። ዛሬ የምናገረውም ለዚህ ነው። ከሞተ በኋላማ ተነስተን የሕሊና ጸሎት ከማድረግ ሌላ ምን እንሠራለን? የምጠይቀው አንድ ክዳን ነው።" ተቀመጡ።

አልታሰርኩም፣ አልተሰደብኩም፣ ስሜም አልተነሳም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ግን አላልኩም። ሐጂ ከድር በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

"የመጨረሻውን ዋጋ ተናገረች!" አሉ። "ገና በመጀመሪያው መጨረሻውን! አሁን ከየት ወዴት ልትወርድ ነው? ቢያንስ ድልድይ ብላ አትጀምርም?"

"ድልድይ ብትል ክዳን እናገኝ ነበር" አለ አንዱ፣ ከልቡ አዝኖ።

እውነትም ለመልስ የተነሱት ኃላፊ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ በቀጣይ ዕቅድ ተካቶ እንደሚታይ ተናገሩ። ሐጂ "ይሄስ ነጋዴ ነው" አሉ። "'ዞረሽ ነይ' ነው ያላት።"

ኑረዲን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ስልኩ ይጮሃል፤ እህቱ መሆን አለባት፤ አላነሳውም። "ስሜን ጠሩት" አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን። "በሕይወት አለ አሉ።"

ያኔ ቆርቆሮው ላይ ወረደብን። የሰኔ ዝናብ እያንጠባጠበ አይጀምርም። ሻይ ቤቱ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ሁሉም ወደ ዕቃው ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ኑረዲን ደግሞ ጠዋት የመጣልኝ ቦንዳ መንገድ ዳር ላይ እንደቀረ ትዝ ብሎት በዚያ በኩል ሄደ፤ እኔ ግን አላየሁትም። ሱቅ ገብቼ እንደ ልማዴ ታች ያለውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመርኩ። አንድ ሁለት ብርድ ልብስ እንዳነሳሁ እጄ አልሠራ አለኝ። ወደ በሩ ዞርኩ።

መንገዱ ቡናማ ሆኗል። ወንበሩ የለም። ከወዲያ በኩል ኑረዲን ቦንዳ ተሸክሞ፣ ጎብጦ፣ ውሃ ውሃውን እያየ እየመጣ ነው።

ወጣሁ። እኔ፣ በር ሲንኳኳ ጫማ የምፈልገው ሰው፣ በጫማዬ ጎርፍ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴን ሲመታኝ ቀዳዳው ከፊቴ ይሁን ከኋላዬ አላውቅም፤ አንድ እግሬን አንስቼ ለማስቀመጥ ፈርቼ ቆምኩ።

"ኑረዲን! ጣለው!" ብዬ ጮህኩ።

አልሰማም። መምጣቱን ቀጠለ።

"ጣለው! ቦንዳውን ጣለው!"

ቆመ። ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ "ይበላሻል ጋሼ!" አለ።

"ይበላሽ! ጣለው አልኩህ!"

ገመዱን ከግንባሩ አወለቀ። ቦንዳው በመሐላችን ውሃው ላይ ወደቀ፤ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ወደ እኔ በኩል መጣ፣ እግሬ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመና ዞረ። ከዚያ እያየነው ወደ ታች ገባ። ውሃው ወዲያው ከላዩ ተዘጋ፤ ምንም እንዳልነበረ ሆነ።

ኑረዲን ግድግዳውን ተደግፎ፣ በእግሩ እየዳበሰ፣ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። እጄን ዘረጋሁለት። ተያያዝንና ዝናቡ ውስጥ ቆምን። አንዳችን በኃይል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ ይሁን እኔ፣ እስካሁን አላውቅም።